ትርፍ

ጳጉሜ ሊያልቅ ሁለት ቀን፥ ዝናቡም ሳይከዳ፥
ቀብቼ ጨረስሁኝ የይታይሽን ግድግዳ።
ሳሎኑ እርጎ መስሏል፥ በሩ ቡናማ ነው፤
መኝታ ቤቷን ግን ሰማያዊ አልነው።
ሒሳቤን ቆጠረች፥ አመሰገነችኝ፥
ከበሩ ስወጣ መልሳ ጠራችኝ፦
«አንሙት፥ ይኼንንስ? ማን ያነሣልኛል?
ከነጣሳው ውሰደው፥ ሽታው ራስ ያዞረኛል።»

ግማሽ ጣሳ ነጭ፥ ሰማያዊው ሩብ፥
የበሩ ዘይት ቀለም፥ እንደ ማር የሚሳብ፥
አንድ ጠርሙስ ቲነር፥ ብሩሽ ያጠብሁበት፤
ሥራው አልቆ የቀረ፥ ዋጋ የሌለበት።

ሃያ ዓመት ሙሉ ይኼ ነው ልማዴ፥
ከቦዩ ገልብጬ መቀጠል መንገዴ።
ያን ቀንም ገለበጥሁ። መጀመሪያ ነጩን።
ጎርፉም ተቀበለ፥ ሳይጠይቅ ምንጩን።

ጎንበስ እንዳልሁ ሳለ አንድ ልጅ መጣና፥
የቆርኪ ጀልባውን ከቦዩ ለቀቀና፥
«ጋሼ፥ ወተት ደፋህ?» አለኝ ሲገረም።
«ወተት የት አባቴ! የግድግዳ ቀለም።»
ከዚያ መሮጥ ያዘ፥ ከነጩ ጋር እኩል፥
ከሽምብጥ ቦይ ጋራ ቁልቁል፥ ቁልቁል፥ ቁልቁል።
እኔም ተከተልሁት። ለምን? አላውቅም፤
ሃምሳ የሞላው ሰው ለቆርኪ አይሮጥም።

ጀልባዋ ቀደመች፥ ነጩም አልዘገየ፤
ልጁ ጣና ዳር ላይ ቆመና አሻግሮ አየ።
ደንገሉ ከቆመበት፥ ቦዩ ከሚገባው፥
ነጩ እንደ ሻሽ ተዘረጋ፥ ማን ሊሰበስበው?

ዳሳሽ እዚያው ነበር፥ ቀረሶ ሲያጸዳ፤
ከውሃ ያወጣው እጅ መሰለ ግድግዳ።
አየኝ፤ ጣሳዬንም። ምንም አልተናገረ፤
ሦስት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ማጠብ ጀመረ።
ስድብ ቢሆን ኖሮ እመልስ ነበረ።

ሰማያዊው ቀርቷል፥ ቡናማው፥ ቲነሩ፤
ቤቴ ይዤ ገባሁ፥ ምን ላድርግ? ይደሩ።
ባለቤቴ የሻረግ፦ «ምነው ቤት አስገባህ?»
«መድፊያ አጣሁ» ብላት፥ «ሃያ ዓመት የት ደፋህ?»

ሲነጋ ከአናጢው፥ ከመልካሙ ደጃፍ፥
ሰጋቱራ ለመንሁ እስከ ማዳበሪያው አፍ።
ከሰማያዊው ጋር ጨምሬ አማሰልሁ፤
እንደ ገንፎ ሲጠጥር ፀሐይ ላይ አዋልሁ፥
ውሻ እንዳይልሰው፥ ልጅም እንዳይነካው
ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ። መስከረም ጠብቶ፥ ወጥቼ ብነካው
ድንጋይ!
ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ልጆች ሰጠሁት፤
ጎርፍ እንዳያሟሟው፥ ልጅ እንዳይከተለው አድርጌ ሸኘሁት።

ቲነሩን ዝም አልሁት፥ ክዳኑን አጥብቄ፥
ከምድጃ አርቄ፥ ከልጅ ዓይን ደብቄ።
አተላው ተኛና ላዩ ኩልል አለ፤
እንደ ጠላ ቀዳሁት፥ ለሌላ ሥራ ዋለ።

ቡናማው ግን ቀረ። ከአልጋዬ ሥር ደግሞ
የስንቱ በር አለ፥ በየጣሳው ከርሞ፤
የባንኩ አረንጓዴ፥ የፋርማሲው ቀይ፥
የወፍጮ ቤቱ ግራጫ፥ ክፍያው ዛሬም «ቆይ»።
ዘይት ዘይቱን መርጬ አንድ ላይ ደባለቅሁ፤
ምን ቀለም ወጣ ብትሉኝ፥ እኔም አላወቅሁ።
ጉማሬ ይመስላል፥ ሲመሽ፥ ከዓባይ ሲወጣ፤
ለሠርግ ማንም አይመርጠው፥ ለእድራችን ግን መጣ።

አራት አግዳሚ ነበር፥ ዝናብ የበላው፥
ለቅሶ የደረሰን ሰው በቀሚሱ የሚይዘው።
ቀባሁት። ደረቀ።

ኅዳር ላይ፥ ስብሰባ፥ ዳሳሽ ከጎኔ ተቀመጠ፤
አግዳሚውን ዳሰሰ፥ መዳፉን ገለበጠ፥
አየው።
ንጹሕ ነው።
«ትርፍህ ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።
«ትርፌ ነው» አልሁት፥ ቃሉ ሁለት ሆኖ አፌ ላይ ውሎ።

«ነጩስ?» አላለኝም። እኔው ነኝ የምለው፥
ሻላ ውሃ ላይ ሲያርፍ፥ በሩቅ፥ ነጭ ሳየው።